ከቁንዝላ ጉዞ በፊት የቀየርነው ዘይት

ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ የቀረችለት ቃል "ይኸውልሽ" ብቻ ነበረች። ሲርበው "ይኸውልሽ" ይላል። ሲያመውም፣ ሲቆጣም፣ ሬዲዮው ሲጮህበትም ያው ነው። የሚያክመውን ሐኪም እንኳ፣ ወንድ ሆኖ ሳለ፣ "ይኸውልሽ" አለው። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና "ሌላውን ቃል ሁሉ ያውቀዋል፤ ማውጣቱ ነው ያቃተው" አለኝ።

ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩም አብረው ከዱት። ከዚያ በፊት በቴክኒክ ኮሌጅ ስለ መኪና የሚያስተምር መምህር ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያልጨረሰውን ትምህርት ራት ላይ ለእኔ የሚጨርስ ሰው። ሾርባ እያማሰለ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳኝ ነበር። እኔም እየሰማሁ የማልሰማበትን ዘዴ ከተማርሁ ቆይቼ ነበር።

የምሠራው ፔዳ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጠዋት አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ቁርሱን አጎርሰውና እወጣለሁ። ምሳውን ጎረቤታችን ታበላልኛለች። ማታ ስመለስ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው፤ ኔትወርክ ሲኖር ይደውላሉ፣ ሲደውሉም "እንዴት ነው?" ብለው ስለ እሱ ይጠይቃሉ፤ እኔም ስለ እሱ እመልሳለሁ። ድካሜ አንድ ሌሊት ተኝተው የሚገላገሉት ዓይነት አልነበረም። ካልሲውን ላደርግለት አጎነብስና ቀና ማለት እረሳለሁ። እዚያው፣ እግሩን እንደያዝሁ፣ የግድግዳውን ቀለም እያየሁ እቆያለሁ።

ጥቅምት ሲጋመስ ታላቅ ወንድሙ ከጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ መጡ። ቄስ ናቸው፤ እኔ "አባ" ነው የምላቸው። ከታመመ በኋላ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበርና፣ ወንድማቸው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ እያለ "ይኸውልሽ" ሲላቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ራት በልተን ስናበቃ የመጡበትን ነገሩኝ።

"የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። እናታችን ዓይኗ ሳይከደን ልታየው ትፈልጋለች" አሉ። "ጾሙን እኛ ዘንድ ይክረም። ጠበል አለ፣ የሚያነሣ የሚጥለው ሰው አለ። አንቺም እንደሆነ አልቀሻል።"

አልቀሻል ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም "በርቺ" ነው የሚለኝ። ሳህን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ገባሁና ውሃ ከፍቼ ቆምሁ። "ይውሰዱት" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቶሎ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ተመልሼ ስቀመጥ "መንገዱ እንዴት ይሆናል?" ብቻ አልሁ።

ስለ መንገዱ ማውራት ጀመርን። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ በዚያ ሰሞን ተከፍቶ ነበር። የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አይችልም። በጀልባ እንዳይሆን ከጀልባው ማውረዱ መከራ ነው። ስለዚህ በራሳችን ፒካፕ ይሁን ተባባልን። ይህን ሁሉ ስንወስን እሱ መካከላችን ተቀምጦ ነበር። እንደ ተኛ ሰው በላዩ ላይ ነው የተነጋገርነው።

ፒካፗ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ቆማለች። አሮጌ ናት፤ ሐኪም ቤት ስናመላልሰው እኔ ነኝ የምነዳት። ፍጥነት ስጨምር ከኋላ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ታሰማለች። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ከመታመሙ በፊት ነግሮኛል። ከጢስ ዓባይ ሲመለስ የሞላ ወንዝ አቋርጦ ነበር፤ ውሃው የኋላ ጎማዎቹን ግማሽ ደርሶ። እቤት እንደገባ "ዲፍሬንሻሉ ውሃ ሳይጠጣ አይቀርም፤ ዝናቡ ጋብ ሲል የእሱንም የካምቢዮውንም ዘይት እቀይራለሁ" አለኝና በማግስቱ ዘይቱን ገዝቶ አስቀመጠ። ዲፍሬንሻል የሚሉት በኋላ ጎማዎቹ መካከል እንደ ቅል ያበጠው ብረት ነው፤ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍሉ ጥርሶች በውስጡ አሉ። ካምቢዮ ደግሞ ማርሹ የሚቀያየርበት ሳጥን ነው። ራት ላይ ከሰማኋቸው ትምህርቶች የቀሩልኝ እነዚህ ናቸው። ዝናቡ ጋብ ሳይል እሱ ወደቀ፤ ዘይቱም ዕቃ ቤት ውስጥ ከነማሸጊያው ቀረ።

"ነገ ጋራዥ ወስጄ ላሳያት፤ ከዚያ እንሄዳለን" አልኋቸው አባን።

ባለቤቴ በዱላው ወለሉን መታ። "ይኸውልሽ" አለ። ሁለታችንም ዞረን አየነው። ተነሣ። ማንም ሳይደግፈው፣ እግሩን እየጎተተ፣ በሩን አልፎ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደና በዱላው ወደ ዘይቶቹ ጠቆመ። ከታመመ ወዲህ ከምግብና ከአልጋ በቀር ይህን እፈልጋለሁ ብሎ ያመለከተው ነገር አልነበረም።

"ዘይቱ ይቀየር ነው የምትለው?" ብዬ ጠየቅሁት።

ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ይህች አዎንታው ናት።

"እዚሁ ቤት?"

ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"ማን ይቀይረዋል?"

አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ጉንጩ ተወጠረ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ዱላውን አነሣና ወደ እኔ ቀሰረ። አባ ሳያስቡት ሳቁ።

"ደክሞኛል" አልሁት። እውነቴን ነው። ሄጄ ተኛሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ስነቃ አልጋው ላይ የለም። በመስኮት ሳይ ወንበር ወደ ማንጎው አስወስዶ ከመኪናዋ ኋላ ተቀምጧል። ሸሚዙን ራሱ ለብሷል፤ ቁልፎቹ አንድ አንድ ቀዳዳ ዘለው አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ተሰቅሏል። መስኮቱ ጋ ትንሽ ቆሜ አየሁትና የድሮ ቱታውን ፈልጌ ለበስሁ።

ዘይቱ ሲሞቅ ነው ጥርግ ብሎ የሚወርደው። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናዋን አስነሥቼ እስከ አስፋልቱ ደርሼ ተመለስሁ። አባ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፉ፤ እኔ ካርቶን ዘርግቼ፣ ሳፋ ይዤ ከሥር ገባሁ። ፒካፗ ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች ማንሣት አላስፈለገንም። ዲፍሬንሻሉ ሁለት ታፖ አለው፤ ታፖ ማለት ዘይቱ እንዳይፈስ የሚዘጋው ቡሎን ነው። አንዱ ከታች ነው፣ ማፍሰሻ። አንዱ ከፍ ብሎ በጎን ነው፣ መሙያ። እኔ የታችኛው ላይ መፍቻዬን አሳረፍሁ።

ዱላው ጎማውን ኳ አደረገው። "ይኸውልሽ።"

"ምን አጠፋሁ?" አልሁ ከሥር ሆኜ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በቅንድብ አይመለስም። ፊቱን ለማየት አንገቴን አወጣሁ።

"መፍቻው ነው?"

ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም።

"ቦታው ነው?"

ቅንድቡ ከፍ አለ።

"የላይኛውን ነው መጀመሪያ የምፈታው?"

እንደገና ከፍ አለ። ተናደድሁ። የሚፈሰው ከታች፣ የላይኛውን ለመፍታት ምን አስቸኮለው ብዬ ነበር። አባም "ለምን ይሆን?" አሉ። መልሱ የገባኝ መፍቻውን እየታገልሁ ሳለ ነው። አሮጌውን ዘይት ካፈሰስን በኋላ የላይኛው አልፈታም ቢል አዲሱን የምናስገባበት የለንም፤ መኪናዋ ደርቃ ግቢያችን ውስጥ ትቀራለች። በቃል ቢነግረኝ አንድ ደቂቃ የማይፈጅበትን ነገር ነው በዱላና በቅንድብ የተጨቃጨቅንበት። ሆኖም ለካ እንዲህም መነጋገር ይቻላል። አጭር ጥያቄ መጠየቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። ከታመመ ጀምሮ እጠይቀው ነበር፤ ግን መልሱን ቆሜ የጠበቅሁበትን ጊዜ ማስታወስ አልቻልሁም። ሁልጊዜ ሥራ ነበረብኝ።

የላይኛው ተፈታ። የታችኛውን ስፈታ ዘይቱ ሳፋው ላይ ዘፍ አለ። ማኪያቶ ይመስል ነበር።

"ይህ ዘይት ነው?" አሉ አባ፣ ጎንበስ ብለው።

"ውሃ የገባበት ነው፤ ተደባልቆ ነው እንዲህ የሆነው።"

የታችኛው ታፖ ጫፉ ማግኔት ነው፤ ከጥርሶቹ የሚፋቀውን ብረት የሚይዝ። በጨርቅ ስጠርገው እንደ ጭቃ ያለ ግራጫ ነገር መጣ፤ ከጭቃው ውስጥ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሹል ስባሪ። ከሥር እጄን ዘርግቼ አቀበልሁት። በግራ እጁ ጣቶች መካከል አገላበጣት።

"መጥፎ ነው?"

ቅንድቡን አላነሣም፣ ራሱንም አልነቀነቀም። ስባሪዋን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ማንጎውን አየ። እኔም አልተከታተልሁትም። ታፖውን መልሼ አጠበቅሁና አዲሱን ዘይት ተማሪዎቹን ያስተምርባት በነበረችው የእጅ ፓምፕ ማስገባት ጀመርሁ። ሲሞላ ራሱ በመሙያው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፤ ያኔ ይዘጋል። ይህን ሳልጠይቅ ነው ያወቅሁት፤ ከየትኛው ራት እንደቀረልኝ እንጃ።

ችግሩ ካምቢዮው ጋ መጣ። የላይኛው ታፖ አልፈታም አለ። በጀርባዬ ተኝቼ በሁለት እጄ ሳብሁ፣ ገፋሁ፣ እግሬን የመኪናዋን አካል የሚሸከመው ሻንሲ ላይ አስደግፌ ተንጠለጠልሁ። የመዳፌ ቆዳ ተላጠ። መፍቻው ሲያመልጠኝ አገጬን መታኝ። ከዚያ ተውሁት። መፍቻውን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ተጋደምሁ።

መኪና ሥር ማንም ሰው አያየኝም። ይህን ቀደም ብዬ አላሰብሁትም ነበር። ከሥር የሚታየኝ የአባ ጫማ፣ የባለቤቴ ወንበር እግሮችና የማንጎ ቅጠል ነው። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ያልፋል። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው። የማስፈልገው ሰው እዚያ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ በመካከላችን ብረት አለ። ትንሽ ልረፍ አልሁ።

ስነቃ ጥላው ቦታውን ቀይሯል። እግሬ ላይ የአባ ጋቢ ተደርቧል። አንገቴን ባወጣ ባለቤቴ ዱላውን ጉልበቶቹ ላይ አጋድሞ እንደ በረኛ ተቀምጧል፤ አባ ደግሞ ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

"ለምን አልቀሰቀሱኝም?" አልኋቸው።

"ልቀሰቅስሽ ነበር። እሱ ከለከለኝ።"

"እንዴት አድርጎ?"

"ዱላውን ደረቴ ላይ አድርጎ" አሉ አባ። "በልጅነቱም እንዲህ ነበር።"

ባለቤቴ አላየኝም። ዱላውን አነሣና ግድግዳው ጋ ወደተደገፈ የድሮ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ጠቆመ። አባ ናቸው ፈጥነው የገባቸው። ቧንቧውን አምጥተው የመፍቻው እጀታ ላይ አጠለቁት፤ እጀታው በእጥፍ ረዘመ። ከዚያ ጥምጣማቸውን ፈትተው ወንድማቸው ጉልበት ላይ አኖሩና፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከጎኔ በሆዳቸው ገቡ።

"እኔ ልያዘው፣ እርስዎ ይሳቡ" አልኋቸው።

"ወደ የት?"

"ወደ እርስዎ።"

ሳቡ። ታፖው አንድ ጊዜ ጮኸና ለቀቀ። አባ ግንባራቸውን ክንዳቸው ላይ አሳርፈው ትንሽ ከተነፈሱ በኋላ "ተመስገን" አሉ፤ ቅዳሴ ያበቃ ሰው የሚለውን ያህል ቀስ ብለው።

የካምቢዮው አሮጌ ዘይት ጠቁሮ ነበር እንጂ ውሃ አልነካውም። አዲሱን በፓምፕ ለማስገባት ቦታው ጠባብ ሆነብን፤ ስለዚህ ከላይ ከሞተሩ በኩል ላስቲክ ቱቦ አወረድን። አባ ከላይ ቆመው በማጥለያ ያፈስሳሉ፣ እኔ ከታች የቱቦውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ይዣለሁ፣ ባለቤቴ ከመካከል ሁለታችንንም ይጠብቃል።

"አባ፣ ቀስ ብለው።"

"ቀስ እያልሁ ነው።"

"አባ፣ ይብቃ። አባ።"

ከላይ ያለው አልቆ እስኪወርድ ድረስ ዘይቱ በቀዳዳው ተርፎ በአንገቴ በኩል ቱታው ውስጥ ገባ፤ ጸጉሬንም አራሰው። ታፖውን አጠበቅሁና ወጣሁ። አሮጌውን ዘይት በጄሪካን ሰብስበን ከደንነው፤ ከግቢያችን ፊት ያለው ቦይ የሚወርደው ወደ ጣና ነውና እዚያ መድፋት ባለቤቴ በጤናው ጊዜም አይፈቅድም ነበር።

አባ እጃቸውን በአሸዋና በሳሙና ሲፈትጉ እኔ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ጸጉሬ ይሸታል። መታጠብ ነበረብኝ፤ ግን ጉልበቱ አልነበረኝም። ደግሞ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ።

"ቁንዝላ መሄድ ትፈልጋለህ?" አልሁት።

አባ እጃቸውን መፈተግ አቆሙ።

ባለቤቴ ቆየ። እኔም ጠበቅሁ። ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"ከእኔ ጋር አልተመቸህም?"

ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲያ አይደለም።

"እኔ እንዳርፍልህ ብለህ ነው?"

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝና እንደገና ራሱን ነቀነቀ። ለእኔ ብሎም አይደለም።

"እናትህን ልታያቸው ፈልገህ ነው?"

ቅንድቡ ከፍ አለ፤ እንደወጣም ቆየ። ዓይኑ ሞላ።

አዝኖልኝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበርና መልሱ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ወዲያው ግን ቀለለኝ። የእናቱ ናፍቆት እንጂ የእኔ ጉዳይ አልነበረም። ስንት ሌሊት ሸክም መሆኑ ያስጨንቀው ይሆን እያልሁ ስብሰለሰል ከርሜ ነበር። እሱ በራሱ አልጋ፣ በራሱ ሐሳብ፣ ቁንዝላ ነበር።

ተሰልፈን ነዳጅ ባገኘንበት ሳምንት ተነሣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ፣ አባ ከኋላ ወንበር። ከተማውን ወጥተን ፍጥነት ስጨምር ድምፁ መጣ። ያው የንብ ድምፅ፣ ምንም አልቀነሰም። መራዊን እስክናልፍ የመሰለኝ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። እሱ የግራ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል። ዱርቤቴ ከመድረሳችን በፊት ከኪሱ ያችን የብረት ስባሪ አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖራትና ወደ ኋላ ጠቆመ።

"የተሰበረ ጥርስ አለ?" አልሁት።

ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"ቅዳሜ ዕለት አውቀኸዋል?"

እንደገና።

"ታዲያ ለምን አስለፋኸኝ?"

"ይኸውልሽ" አለ።

ይህ በቅንድብ የማይመለስ ጥያቄ መሆኑን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። ያን ሁሉ የለፋነው ድምፁን ላያጠፋ ነው። በኋላ እንደገባኝ፣ ውሃ በገባበት ዘይት ቢሆን ኖሮ ያን መንገድ አንወጣውም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን የሚሰማኝ የትከሻዬ ሕመም ብቻ ነው። በመዳፉ ቀስ በይ አለኝ። ቀስ አልሁ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላማ ከጋሪ እኩል ነው የተጓዝነው። አቧራው በመስኮት ይገባል፤ አባ ከኋላ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጣና በቀኝ በኩል ብቅ ሲል ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር።

እናቱ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ይጠብቁ ነበር። ዓይናቸው ብዙ አያይም። ደግፈን ስናቀርበው እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ የማይንቀሳቀሰውን እጁን ዳሰሱ። እጁን አልለቀቁትም።

"ይኸውልሽ" አላቸው።

"አየሁህ፣ ልጄ" አሉ።

አባ ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔ ዕቃ ለማውረድ ወደ መኪናዋ ተመለስሁ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስሁ፤ እንደ መጣሁት ቀስ እያልሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ነቅቼ ውሃ ጠጥቼ እንደገና ተኛሁ። ጎረቤታችን ጭንቅ ብሏት በሩን እስክትደበድብ ድረስ ማን እንደሆንሁም የረሳሁ ይመስለኛል። ጸጸት ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁት። አልመጣም። የመጣው ረሃብ ነው።

መኪናዋን ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ዲፍሬንሻሉን ፈትቶ የተሰበረውን ጥርስ አሳየኝና ቀየረው፤ ዘይቱን አይቶም "ይህን ማን ቀየረው?" አለኝ። "እኛ" አልሁት።

ባለቤቴ ገናን እናቱ ጋ ውሎ ተመለሰ። አባ ሚኒባስ ተከራይተው ነው ያመጡት፤ ደረጃውን በአንድ ሰው ድጋፍ ወጣ። ከስቷል፣ ፊቱ ግን ፀሐይ ነክቶታል። "አይደለም" የሚል ቃል ይዞ መጥቷል። ያለ ቦታውም ይለዋል፤ ሻይ ይሁንልህ ስለው "አይደለም" ይላል፣ ሻዩን ግን ይጠጣል።

እኔ አሁንም ይደክመኛል። ጠዋት አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ፔዳ ሄጄ ቆሜ እውላለሁ። ማታ ሲሆን ግን ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት ከአጠገቡ ተቀምጬ አንድ ሁለት ጥያቄ እጠይቀውና ቅንድቡን እጠብቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወንበሩን ከመኪናዋ ፊት አስደርጎ በዱላው የፊት ጎማውን ሲያንኳኳ ነበር።

"ፍሬኑ ነው?" አልሁት ከበሩ ላይ።

ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"ዛሬ አልችልም።"

"አይደለም" አለ።

"ሌላ ቅዳሜ" አልሁትና ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ዞርሁ።